«አስተካክለው» ሲባል

ባለፈው ዓመት መጨረሻ፣ የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሊደርስ ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት፣ ወደ በዴሳ ወርጄ ነበር። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከሶዶ ተነሥቼ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ አቅጣጫ የሚሄደውን መንገድ ይዤ፣ የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ወደዚህች ከተማ ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። የሄድኩበትም ጉዳይ በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረውንና ዛሬ በዚያው አገር ፊዚክስ የሚያስተምረውን ወዳጄን ለመጠየቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዳልጠራው ራሱ ለምኖኛልና።

እናቱ የተቀቀለ ቦዬ ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ቡናው ተፈልቶ በረካው ከተጠጣ በኋላ ወዳጄ ወደ ክፍሉ ወሰደኝ። በክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛውም ላይ ሌላ ሰው ሲሠራበት ቆይቶ የሸጠለት ኮምፒዩተርና አንድ የመንጃ ዘንግ አሉ። ኮምፒዩተሩን ሲከፍተው በቦሌ መንደርደሪያ ላይ የቆመ አንድ ትንሽ ጄት በመስተዋቱ ላይ ታየ። ከአጠገቡም በቁጥር የተሞላ ደብተር ተዘርግቶ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይሮፕላኑን እያስተካከልኩ ነው» አለኝ። «ከልክ በላይ ፈጠነብኝ። አሁን እያዘገየሁት ነው።»

ሳቅሁበት። ሰው የራሱን አይሮፕላን ያፈጥናል እንጂ እንዴት ያዘገያል? ወዳጄ ግን አልሳቀም። «የእውነተኛው አይሮፕላን መጽሐፍ በሰዓት 835 ኪሎ ሜትር ይላል፤ የእኔው ግን 870 ይሄዳል። እንግዲህ መጽሐፉ ካልዋሸ የዋሸው የእኔው ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ አነጋገሩ ነው። «ማስተካከል» የምትባለው ቃል በየመሥሪያ ቤታችን ከጧት እስከ ማታ ትነገራለች። ነገር ግን ወዳጄ በበዴሳ ያስተካከለበት መንገድና እኛ በመሥሪያ ቤት የምናስተካክልበት መንገድ በስም ብቻ ይገናኛሉ እንጂ በግብር የተለያዩ መሆናቸውን በዚያች ሌሊት ተረዳሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ላላየ ሰው ላስረዳ። ሲሙሌተር ወይም ምስለ በረራ የሚባለው አይሮፕላን ሳይኖር አይሮፕላን የመንዳትን ሥራ የሚያስመስል መሣሪያ ነው። ትልቁ ዓይነት የአየር መንገዳችን አብራሪዎች በአዲስ አበባ የሚሠለጥኑበት፣ እውነተኛውን የነጂ ክፍል የመሰለና በእግሮቹ ላይ ሆኖ የሚወዛወዝ ውድ መሣሪያ ነው። ትንሹ ዓይነት ደግሞ በየቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነው። ይህ የቤት ውስጡ ምስለ በረራ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓመተ ምሕረት ነው።

ወዳጄ የሚያበረው ቢዝነስ ጄት ከሚባሉት፣ ማለትም ባለጸጎችና ሹማምንት ለጉዳያቸው ከሚጓዙባቸው ትንንሽ ጄቶች አንዱ ነው። ስሙ ሴስና ሲቴሽን ሲጄ 4 ይባላል። እውነተኛው አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ነው። ሲነሣ ቢበዛ 7,761 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሁለት ሞተሮች ሲኖሩት እያንዳንዳቸው 1,640 ኪሎ ግራም ያህል የመግፋት ኃይል አላቸው። እስከ 45,000 ጫማ፣ ማለትም እስከ 13,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲበር ተፈቅዶለታል።

«በዴሳ ተቀምጦ የባለጸጎችን ጄት ማሰብ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሆኖም ወዳጄ የሚያበረው የባለጸጎችን ምቾት አይደለም፤ ከወንበሩ ቆዳና ከመጠጡ ብርጭቆ አንዳችም አልደረሰውም። የደረሰው ነገር ቢኖር ፊዚክስ ብቻ ነው። ፊዚክስም በሶዶም ሆነ በፓሪስ ዋጋው አንድ ነው።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው አይሮፕላን ብረት አይደለም፤ ቁጥር ነው። ክንፉ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ፣ ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ፣ ሞተሩ በየትኛው ከፍታ ስንት እንደሚገፋ፣ ይህ ሁሉ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው በሚችል መዝገብ ውስጥ ተጽፏል። ከእነዚህም ጋር ማባዣ ቁጥሮች አሉ። አንዱ የሞተሩን ግፊት ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ሁለተኛው የአይሮፕላኑ አካል አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያጋጥመውን መጎተት ይለውጣል። ሦስተኛው ክንፉ ክብደቱን ለመሸከም ሲል የሚከፍለውን መጎተት ይለውጣል። አራተኛው የነዳጁን ፍጆታ ይወስናል። ቁጥሩ 1.0 ከሆነ ሠሪው እንዳለው ይቆያል፤ 0.9 ከሆነ ከዐሥር አንድ እጅ ይቀነሳል፤ 1.1 ከሆነ ከዐሥር አንድ እጅ ይጨመራል።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። አይሮፕላኑ ከፈጠነ ግፊቱን መቀነስ ነው፤ ከዘገየ መጨመር ነው። ወዳጄም በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገው ይህንኑ ነበር። ግፊቱን ሲቀንስ ፍጥነቱ በእርግጥ 835 ሆነለት። ደስ ብሎት ተኛ። በማግሥቱ ግን ከመሬት አንሥቶ ሽቅብ ሊወጣ ሲሞክር አይሮፕላኑ እንደ አረጀ በቅሎ ዳገቱ ከበደው። ሽቅብ መውጣቱን ለማዳን ሲል ክንፉ የሚከፍለውን መጎተት ቀነሰለት። መውጣቱ ተቃና፤ ዳሩ ግን ለማረፍ ሲወርድ አይሮፕላኑ አልቆም አለና መንደርደሪያውን አልፎ ሄደ። አጭር ጋቢ ራስን ሲሸፍኑበት እግርን እንደሚያጋልጥ ሁሉ፣ አንዱን ቁጥር ሲያድን ሁለቱን ያጠፋ ነበር።

ስሕተቱ የት እንደነበረ ኋላ ራሱ አገኘው። አካል አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያጋጥመው መጎተት ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይበረታል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መጎተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ክንፉ ክብደት ለመሸከም የሚከፍለው መጎተት ግን በተቃራኒው ነው፤ በዝግታ ሲሄዱ ይበዛል፣ ሲፈጥኑ ይቀንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ልክ ሆኖ ከላይ በቀጥታ ሲበር ብቻ ከፈጠነ፣ ጥፋቱ ከግፊቱ ሳይሆን ከአካሉ መጎተት ሊሆን ይችላል። ሲነሣም፣ ሲወጣም፣ ሲበርም ከፈጠነ ግን ግፊቱ ይጠረጠራል። ምልክቱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላልና፣ ምልክቱን ብቻ አይቶ ቁጥር የሚለውጥ ሰው በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደሚሰጥ ሐኪም ነው።

ከዚህም የበለጠ ትምህርት የሰጠኝ የቦሌውና የጅቡቲው ታሪክ ነው። ወዳጄ ይህን ሥራ ሲጀምር በመጽሐፉ ላይ አይሮፕላኑ ለመነሣት ከአንድ ሺህ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ መንደርደሪያ እንደሚበቃው አነበበ። ከቦሌ ሲነሣ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ርቀት ፈጀበት። «ይህ አይሮፕላን ደካማ ነው» ብሎ ፈረደና ግፊቱን ጨመረለት። አሁን ከቦሌ መጽሐፉ ባለው ርቀት መነሣት ጀመረ። ከዚያም አንድ ቀን ወደ ጅቡቲ በርሮ፣ ከዚያ ሲመለስ፣ አይሮፕላኑ ከባሕሩ ዳር እንደ ፌንጣ ዘልሎ ተነሣ። ወዳጄ ደነገጠ። መጽሐፉን እንደገና አወጣና ያን ጊዜ በጥንቃቄ ያላነበባትን አንዲት መሥመር አነበበ። የተጻፈው ርቀት በባሕር ጠለል ላይ፣ በልከኛ ሙቀት ለሚነሣ አይሮፕላን ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ሳስቷል። በልከኛው ሙቀት ቢሆን እንኳ በባሕር ዳር ካለው አየር አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው የሚገኘው፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ይቀንሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋልና ግፊቱ ይደክማል። ከዚህም በላይ የፍጥነት መቁጠሪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ ጠቋሚው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲል ጎማው በመሬቱ ላይ 230 ያህል እየሮጠ ነው። ቦሌ እስከ 3,800 ሜትር የሚደርስ ረጅም መንደርደሪያ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ አይሮፕላኑ ደካማ አልነበረም። ወዳጄ በደጋ ቆሞ የቆላን ሚዛን ይጠቀም ነበር። በአገሩ ተራራ ላይ መቆሙን ረስቶ አይሮፕላኑን ወቀሰው። ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ ስሕተት የእርሱ ብቻ ነውን? በሌላ አገር፣ በሌላ አየር የተለካውን መለኪያ ይዘን መጥተን የራሳችንን ሰውና የራሳችንን መሥሪያ ቤት ስንት ጊዜ «ደካማ» ብለናል? መለኪያው ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ መጽሐፉ ትክክል ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ለከፍታና ለሙቀት የተዘጋጀ ሠንጠረዥም ነበር። የጎደለው ቆምንበትን ቦታ አውቆ ትክክለኛውን ገጽ መግለጥ ብቻ ነው።

«ይህ ሁሉ ጨዋታ አይደለምን? በጨዋታ ቢዋሽ ማን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነውና ልመልስ። ለመደሰት የሚጫወት ሰው አይሮፕላኑን እንደ ሮኬት ቢያስፈነጥረው ማንም አይከሰውም። ችግር የሚመጣው ያንኑ አይሮፕላን «እውነተኛው እንዲህ ነው» ብሎ ለሌላው ያስተማረ ጊዜ ነው። ጨዋታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልተታለለም፤ ጨዋታውን እውነት ነው ብሎ የተማረው ግን ተታልሏል።

የምስለ በረራም ታሪክ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የመጀመሪያውን ስሙ የገነነ ምስለ በረራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 የሠራው ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ስለነበራቸው፣ ኦርጋኑ ድምፅ በሚያወጣበት በወናፉ ኃይል የምትወዛወዝ ትንሽ የእንጨት አይሮፕላን ሠራ። ብዙ ሰው እንደ ባዛር መጫወቻ አየው። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዘው በክፉ አየር፣ በጨለማና በጭጋግ በርካቶች ሞቱ። ጦሩ ወደ ሊንክ ዞሮ ስድስት መሣሪያዎች የገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ምስለ በረራ ከመጫወቻነት ወደ ትምህርት ቤትነት የተሻገረው በሰው ሞት ነው። ስለዚህ የእውነት ዕዳ አለበት።

ይህን ዕዳ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ ጥቂት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓመተ ምሕረት ጧት ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን በስድስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011፣ ያው ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አይሮፕላኖች ላይ ከአንድ የተሳሳተ መለኪያ በመጣ ወሬ ተነሥቶ አፍንጫውን ወደ ታች የሚጫን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ሲሠራ ነበር። አብራሪዎች ይህ ሥርዓት በአይሮፕላኑ ውስጥ መኖሩን ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት አልተነገራቸውም።

በዚያን ጊዜ አየር መንገዳችን የማክስ ምስለ በረራ ከነበራቸው ከዓለም ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር። ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን በግንቦት 2011 ቦይንግ ራሱ አንድ ነገር አመነ፤ ይኸውም የማክስ ምስለ በረራ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ፕሮግራም ጉድለት እንደነበረውና አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት እንደማይችል፣ እርማትም እንዳደረገበት አስታወቀ። በወቅቱ እንደተዘገበው ከጉድለቶቹ አንዱ የጅራቱን ክንፍ በእጅ የሚያዞረውን መንኰራኩር የሚመለከት ነው። አይሮፕላኑ በፍጥነት ሲወርድ አየሩ የጅራቱን ክንፍ እጅግ ስለሚጫነው፣ መንኰራኩሩን በሰው እጅ ማዞር በጣም ይከብዳል። በመሣሪያው ላይ ግን ያ ክብደት እንዳለ አይታይም ነበር።

የበረራ ቁጥር 302 የወደቀው በምስለ በረራው ጉድለት ነው አላልኩም፤ ይህን ማለት እውነትን ማስተካከል ይሆንብኛል። የምለው ይህን ነው፤ ከሰማይ በታች በጣም ከባድ በሆነው ሰዓት የሚከብደው መንኰራኩር፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ቀላል ነበር። ቀላል መንኰራኩር የለመደ እጅ ከባዱን ሲያገኝ ማን ነው ተጠያቂው? እጁ ነውን? ወይስ ቀላል አድርጎ ያስለመደው?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሌላውን ብቻ ወቅሶ የሚሄድ ጸሐፊ አንባቢውን ያሰለቻልና።

ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ጉዳዩ በአንድ ተራራ ላይ የተተከሉ ችግኞች ነበር። ከቦታው የመጣው ቁጥር ከዕቅዱ በጣም ያንስ ነበር። ሪፖርቱን ለአለቃዬ ባቀርብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ይህ ከዕቅዱ ጋር አይጣጣምም፤ አስተካክለው» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ቃል አልተናገሩም። እኔም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ገብቶኛልና። ቁጥሩን ከዕቅዱ ጋር አስማማሁት። ሪፖርቱ አማረ። በስብሰባ ላይም ተመሰገንን።

ዓመቱ ሲዞር ለዚያ ተራራ ምትክ ችግኝ አልተመደበም። ለምን ይመደባል? በሪፖርቱ ላይ ተራራው አረንጓዴ ነው። በኋላ በአጋጣሚ በዚያ በኩል ሳልፍ ተራራውን አየሁት። ጎርፉ አፈሩን እየላጠ ቀይ ቁስል አስመስሎታል። ከግርጌው ያለ ገበሬም ማሳው ላይ የወረደውን ድንጋይ ይለቅም ነበር። ያ ሰው ስሜን አያውቅም። እኔ ግን በእርሱ ማሳ ላይ ያለው ድንጋይ ከእኔ ብዕር የወረደ መሆኑን አውቃለሁ።

ወዳጄ ያን ሌሊት በበዴሳ አንድ ነገር አሳየኝ። የፍጥነት መቁጠሪያው ሥዕል እንኳ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አለውና፣ የሚፈልግ ሰው ጠቋሚውን ብቻ ለውጦ 835 እንዲያሳይ ማድረግ ይችላል። አይሮፕላኑ ግን በ870 መሄዱን አያቆምም። ጠቋሚው ነጂውን ደስ ያሰኘዋል፤ ነዳጁ ግን በእውነተኛው ሒሳብ ያልቃል፤ ተራራውም በእውነተኛው ሰዓት ይደርሳል። እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት ያስተካከልኩት አይሮፕላኑን አልነበረም፤ ጠቋሚውን ነበር።

እንግዲህ «ማስተካከል» ሁለት ነው። አንዱ ነገሩን ከእውነቱ ጋር ማስማማት ነው፤ ሁለተኛው ወሬውን ከምኞታችን ጋር ማስማማት ነው። የመጀመሪያው አስቸጋሪ ነው፤ ሌሊት ያስመሻል፣ ደብተር ያስጨርሳል፣ አንዳንድ ጊዜም የራስን አይሮፕላን ማዘግየት ይጠይቃል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ቁጥር መሠረዝና አንድ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን ሁለተኛውን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን እንደሠራ ሆኖ ደመወዙን ይቀበላል።

ወዳጄ የሚሠራበት ሥርዓት ቢጻፍ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ፣ ምንም ነገር ሳይነካ አይሮፕላኑ እንዳለ የሚያደርገውን በክብደት፣ በከፍታና በሙቀት ለይቶ ይመዘግባል። ሁለተኛ፣ የመዘገበውን ከመጽሐፉ ጋር የሚያነጻጽረው ለዚያው ክብደት፣ ለዚያው ከፍታና ለዚያው ሙቀት በተጻፈው ገጽ ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይለውጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ ሊያውቅ አይችልምና። አራተኛ፣ አንዱን ካረመ በኋላ መነሣቱንም፣ መውጣቱንም፣ መብረሩንም፣ ማረፉንም ሁሉንም እንደገና ይፈትናል። አምስተኛ፣ የቀድሞውን ቁጥር አይደመስስም፤ ከአዲሱ አጠገብ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ የተሳሳተ እንደሆነ የሚመለስበት መንገድ እንዲኖረው።

ይህን የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ምስለ በረራ ውስጥ የነበረው ይኸው ሲጄ 4 ጉድለት እንዳለበት የተመለከቱ ዎርኪንግ ታይትል የሚባሉ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች አይሮፕላኑን አሻሽለው ለሕዝብ በነፃ ሰጡ። ኩባንያውም ሥራቸውን አይቶ ኋላ አብረውት እንዲሠሩ አደረጋቸው። ማንም ያላዘዛቸው፣ ማንም ያልከፈላቸው ሰዎች በጨዋታ ላይ ይህን ያህል ለእውነት ከተጨነቁ፣ ታዘንና ተከፍሎን በሕዝብ ሥራ ላይ ለተቀመጥነው ምን ይባላል?

«አለቃ ሲያዝ ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚል ወጣት ሹም እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ነበርኩበት። መልሱ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከወዳጄ ደብተር አንድ ቀላል መልስ ተምሬአለሁ። «አስተካክለው» የተባለ ሰው «የትኛውን ላስተካክል? ሥራውን ወይስ ቁጥሩን?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። ይህች ጥያቄ ከማንም ጋር አታጣላም፤ ነገር ግን ከተጠየቀች በኋላ «ቁጥሩን» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚመልስ አለቃ ብዙ አይገኝም። እኔ ያን ቀን ይህችን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምትክ ችግኝ ይገኝ ነበር። አልጠየቅሁም።

ከበዴሳ ከመውጣቴ በፊት በነበረችው ሌሊት ወዳጄ የመጨረሻ ሙከራውን አሳየኝ። በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ብላቴ በሚወርደው ሜዳ የአንድ ሺህ ሜትር መንደርደሪያ በምናቡ ሠርቷል። ሕልሙ ከአገሩ ሜዳ መነሣት ነው። ጄቱን ሙሉ ክብደቱን አሸክሞ ሜዳው ጫፍ ላይ አቆመው። «መጽሐፉ የሚጠይቀው ርቀት አንዱ ሞተር በመንደርደር ላይ ቢጠፋ እንኳ ለመነሣት ወይም ለመቆም የሚበቃውን ነው» ብሎ አስረዳኝ። ከዚያም ተንደረደረና ልክ ሊነሣ ሲል አንዱን ሞተር አጠፋው። አይሮፕላኑ መነሣትም መቆምም አቅቶት ከሜዳው ጫፍ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

እኔ አዘንኩ። «ግፊቱን ትንሽ ብትጨምርለትስ? አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም?» አልኩት።

ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጥሩ ያለበት መዝገብ ክፍት ነበር፤ ጣቱን ቢያሳርፍበት ይበቃው ነበር። ደብተሩን ሳብ አደረገና ቀኑን፣ ክብደቱን፣ ከፍታውንና ሙቀቱን ጽፎ ከሥራቸው አንድ ቃል ጨመረ፤ «አልተነሣም»። ከዚያም በአዲስ መሥመር ላይ፣ «ክብደት መቀነስ ወይም ሜዳውን ማስረዘም» ብሎ ጻፈ።

እናቱ መብራት እንድናጠፋ ሊነግሩን በሩን ገፋ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትበርሩ አድራችሁ ጧት የማገኛችሁ ግን እዚሁ ነው» አሉን። ሳቅንላቸው። ነገር ግን አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ሳስበው፣ ሰው በእውነት የቆመበትን ቦታ ካላወቀ በስተቀር አንዲት ስንዝር እንኳ ከዚያ ሊነሣ እንደማይችል ገባኝ። ያን ተራራ ያየሁ ዕለት ይህን ባውቅ ኖሮ በማግሥቱ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ተመልሼ «አልበቀሉም» ብዬ በጻፍኩ ነበር። እነሆ ዘግይቼም ቢሆን ጻፍኩት።